የመጨረሻው ስም

የቢሮው ሰዎች «ቆጣሪ» ይሏታል። እንደ መብራት ቆጣሪ ሳታርፍ ስለምትቆጥር ነው፤ አንድን ነገር ሁለት ጊዜ ሳታረጋግጥ አለቀ አትልም። ስለዚህ ሰኞ ጠዋት አለቃው ጠርቶ ለሐሙስ ስብሰባ አንድ ገጽ ሥሪልኝ ሲላት፣ ለምን እሷን እንደመረጠ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ገጹ የሚጨመረው ቢልድ ሰርቨሩ ላይ ነው። ይህ ሰርቨር አሥራ አንዱ ፕሮግራመሮች በየፊናቸው የጻፉትን ኮድ ሰብስቦ፣ ገጣጥሞና ፈትሾ፣ ከሠራ አረንጓዴ፣ ከተሰበረ ቀይ የሚያበራ ማሽን ነው። አንዱ የመገጣጠም ዙር ቢልድ ይባላል። ሰርቨሩ ውጤቱን በድረ ገጽ ያሳያል። ድረ ገጹ የጎደለው ነገር ካለ ደግሞ ፕለጊን የሚሉትን ትንሽ ፕሮግራም ጽፎ በላዩ መሰካት ይቻላል። ከሦስት ወር በፊት ቆጣሪ አንድ ፕለጊን ጽፋ ነበር። ቢልድ በተሰበረ ቁጥር፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ሰፊ ስክሪን፣ ከቀዩ ምልክት ሥር የሰባሪውን ስም በጉልህ ያወጣል። ሲጀመር ለጨዋታ ነበር። አለቃው ግን ወደደው፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር ያሳይ ጀመር።

ጨዋታው ውሎ አድሮ አንድ ሰው ላይ አረፈ፤ ጋሼ ላይ። ጋሼ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡ፣ ሃያ ስምንት ዓመት ኮድ የጻፉ ዝምተኛ ሰው ናቸው። በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ትልቁ ቢልድ ተነስቶ ስክሪኑ ሲቀላ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው የሳቸው ስም ነው። ያኔ ከፊታቸው የሚቀመጠው፣ ችኩሉ የሚሉት ልጅ ወንበሩን ያዞርና፣ «ጋሼ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሰበሩ? ብርጭቆ ነው ሰሃን?» ይላል። ይሳቃል። እሳቸውም ፈገግ ብለው አንገታቸውን ይደፋሉ።

አለቃው የፈለገው ገጽ የሦስት ወሩን ድምር የሚያሳይ ነው፤ ማን ስንት ጊዜ እንደሰበረ። ሐሙስ እሱን ዘርግቶ ጋሼን ከቡድኑ ሊያወጣቸው፣ የደንበኞችን ስልክ ወደሚመልሰው ክፍል ሊያዛውራቸው አስቧል። ክፋት እንደሌለበት ደጋግሞ ነገራት። ዕድሜ ነው፣ ምን ይደረጋል፣ ገጹን ሲያዩት ራሳቸውም ያምኑበታል አላት።

ማክሰኞ ከሰዓት ገጹ ተጠናቀቀ። አርባ አንድ ስብራት፤ ሃያ ዘጠኙ የጋሼ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ይሄድ ነበር። እሷ ግን ከሃያ ዘጠኙ የመጀመሪያውን ከፈተች። የተሰበረው የመግቢያ ገጹ ነው። ጋሼ የዚያን ዕለት የነኩት ደግሞ የቀን መቁጠሪያውን ብቻ። ነገሩ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆነባት። ሁለተኛውን ከፈተች፤ ያው ነው። ሦስተኛውም። ከሥራ መውጫ በፊት ሃያ ዘጠኙንም አንድ በአንድ አየቻቸው። ጋሼ በእርግጥ የሰበሩት አራቱን ብቻ ነበር።

ከዚያ የራሷን ኮድ ከፈተች። አንድ ቢልድ ሲነሳ የብዙ ሰው ሥራ አብሮ ይገባል። ሰርቨሩም የሁሉንም ስም ሥራቸውን በላኩበት ተራ ደርድሮ ለፕለጊኑ ይሰጠዋል። የሷ ፕለጊን ታዲያ ከዝርዝሩ የመጨረሻውን ስም ብቻ አንስቶ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ስትሞክረው ለብቻዋ ነበረች፤ በዝርዝሩ ውስጥ የነበረው የሷ ስም ብቻ ነው። የመጀመሪያውም የመጨረሻውም፣ ሰባሪውም እሷው። እንደ ልማዷ ሁለቴ አረጋግጣለች፤ ሁለቴም ያረጋገጠችው ግን አንድ ሰው ላይ ነው።

ያልገባት አንድ ነገር ቀረ። የመጨረሻው ለምን ሁልጊዜ ጋሼ ይሆናሉ?

ረቡዕ ከሰዓት ሥራዋን ትታ ስታያቸው ዋለች። ዘጠኝ ተኩል ሲሆን ቢሮው ግርግር ሆነ፤ ሁሉም ከአሥር ሰዓት በፊት ኮዱን ለመላክ ይሻማል። ችኩሉ ልኮ ቦርሳውን ማዘገጃጀት ጀመረ። ጋሼ እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ። የሌሎቹ ሁሉ ሥራ ከገባ በኋላ፣ ያን ወደ ራሳቸው ኮምፒውተር አምጥተው ከራሳቸው ጋር አገጣጠሙ፣ የሳቸው ለውጥ በሚደርስበት ቦታ ብቻ የሰው ሥራ እንዳልነካ ፈተሹ፣ ለአሥር ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ላኩ። ከሁሉም በኋላ።

ቆጣሪ ክው አለች። ከሁሉም የሚጠነቀቁት ሰው፣ በመጠንቀቃቸው ምክንያት ነው የሁሉንም ጥፋት የተሸከሙት።

ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠችና በቀስታ ሁሉንም ነገረቻቸው። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ጠረጉት።

«እኔ እኮ አረጀሁ ብዬ ነበር» አሉ።

ስማቸው በወጣ ቁጥር በማግስቱ በጠዋት ገብተው የጻፉትን መስመር በመስመር እንደሚያነቡ ነገሯት። ጥፋት ሲያጡበት፣ ጥፋቱ የለም ሳይሆን ማየት አቅቶኛል ብለው ደመደሙ። መነጽር ሁለት ጊዜ አስቀይረዋል። ባለቤታቸውንም ለጡረታ ተዘጋጂ ብለዋቸዋል።

«ነገ ስብሰባው ላይ እናገራለሁ» አለች ቆጣሪ።

«ተይ ልጄ፣ ለአለቃሽ ለብቻው ንገሪው። ምን ያሳፍርሻል ሰው ፊት?»

«የርስዎ ስም ሦስት ወር ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ለብቻ አልነበረም፣ ጋሼ።»

ሐሙስ አለቃው ገጹን አሳዪን ሲላት፣ ሁለት ዓምድ ያለው ገጽ ከፈተች። በአንዱ በኩል ፕለጊኑ ያለው፣ በሌላው አርባ አንዱንም አጣርታ ያገኘችው እውነት። የመጨረሻውን ስም የምታነሳውን አንዲት የኮድ መስመርም አሳየቻቸው።  

«ታዲያ ሰባሪው ማነው?» አለ አለቃው።

ከሁሉም የበለጠው ችኩሉ ነበር፤ አሥራ አምስት። ቆጣሪ ራሷ ዘጠኝ። አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። ችኩሉ ወንበሩን ማዞር ትቶ ጫማውን ያይ ጀመር። ቆጣሪ ግን ድምሩን ዘጋችው። ከዛሬ ጀምሮ ፕለጊኑ ስም እንደማያወጣ፣ የትኛው ክፍል እንደተሰበረና የትኞቹ ለውጦች እንደነኩት ብቻ እንደሚያሳይ ተናገረች። ለመጠገን የሚበጀው እሱ ነው አለች።

አለቃው ራሱን አከከ። ከዚያ ተነስቶ፣ ዝውውሩ ቀርቷል፣ ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሳላጣራ ነው አለ። ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ አሉ።

ሁሉም ወደየቦታው ከተመለሰ በኋላ፣ ቆጣሪ ቀና ስትል ጋሼ ወንበራቸውን እየገፉ ወደሷ ሲመጡ አየች።

«በይ አራቱን አሳዪኝ» አሉ።

«ይተዉት ጋሼ፣ አራት እኮ ምንም አይደለም።»

«አራቱ የኔ ናቸው አላልሽም? አምጫቸው።»

አንድ በአንድ ከፈተችላቸው። ሁለቱን ራሳቸውን እየነቀነቁ አለፉ። ሦስተኛዋ ላይ ሲደርሱ፣ ይቺስ የኔ አይደለችም፣ ደግመሽ እዪ ብለው ተከራከሩ። ቆጣሪ ደግማ አየች፤ በጣቷም መስመሩን አመለከተቻቸው። ጋሼ ወደ ስክሪኑ ተጠግተው አነበቡ፤ መልሰው አነበቡ። ከዚያ ማንም ከሳቸው ሰምቶት የማያውቅ ሳቅ ሳቁ።

«የኔው ናት» አሉና ኪቦርዱን ወደ ራሳቸው ሳቡት።