ፊኖላ በረጅሙ መንገድ

«አሥራ አንድ ደቂቃ» አለ ማላኪ፣ የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ መታ መታ እያደረገ። «ከቤተ ክርስቲያኑ በር እስከ መቃብሩ በር፣ በአዲሱ መንገድ፣ አሥራ አንድ ደቂቃ። ዛሬ ጠዋት ሄጄ ለክቼዋለሁ።»

ኢታ ሳንድዊች እየቆረጠች ነበር፤ ቢላዋዋን አላቆመችም። «እማዬ ቀጠሮ አለባት እንዴ?»

«አትጀምሪ።»

«አይ፣ የሚያስቸኩላት ነገር ካለ ንገረኝና እኔም ልፍጠን ብዬ ነው።»

እናታቸው ፊኖላ ከግድግዳው ማዶ፣ በሳሎኑ መሀል፣ መቁጠሪያዋ በጣቶቿ ላይ ተጠምጥሞ ተኝታለች። ከሞተች ሁለተኛ ቀኗ ነው። እንደ አገሩ የለቅሶ ልማድ መስታወቱ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል፤ ሰዓቱም ትንፋሿ ባቆመበት ደቂቃ ላይ ቆሟል። ሰፈርተኛው ከግቢው በር ጀምሮ ተሰልፎ ይገባል፤ እጅ ይጨብጣል፣ «ያጽናችሁ» ይላል፣ ሬሳ ሳጥኑ አጠገብ ቆሞ «ምንም አልተለወጠች እኮ» ይላል፣ ከዚያ ሻዩን ይዞ ወጥ ቤት ውስጥ ስለ ዝናብ ያወራል። ሲወጣም በሹክሹክታ የሚጥላት አንዲት ቃል አለች።

«ምስኪን ፊኖላ። ከዚህ ቤት ሳትወጣ ኖራ ሞተች።»

ኢታን የሚያንገበግባት ይቺ ቃል ናት። ሰው አንዴ ከሞተ ምስኪን ለመባል ማመልከቻ አያስፈልገውም፤ ጎረቤት በነፃ ይሰጠዋል። እውነት ነው፣ ፊኖላ ከገበያው ከተማ አልፋ አታውቅም። የወለደችበት ሆስፒታል እንኳ ከዚያ ወዲህ ነው። ግን ምስኪን?

ስኳር ልታወጣ የቁም ሳጥኑን በር ከፈተች። ከበሩ ጀርባ ካርታው እንደተለጠፈ ነው፦ የምዕራቡ የባሕር ዳርቻ በሙሉ፣ ከመታጠፍ ብዛት የተላላጠ፣ ስድስት ቀይ ራስ ያላቸው የልብስ ስፌት ስፒሎች የተሰኩበት።

ከኋላዋ ሻይ የጠጣበትን ኩባያ ሊመልስ የመጣ ሰው ቆመ። የወተት ቦቴ ሾፌሩ ፋርጋል ነበር።

«አምስተኛው ስፒል የኔ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ኢታ ዞረች። «ምንህ?»

«የኔ ቦታ። እኔ ነኝ የነገርኳት።»

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ወተት ሊወስድ በመጣ ቁጥር ፊኖላ በመኪናው መስኮት ሻይ ታቀብለው ነበር። አንድ ቀን ጠየቀችው፦ «ፋርጋል፣ ሰው ሁሉ አልፎት የሚሄድ፣ አንተ ግን የምትቆምበት ቦታ የትኛው ነው?» የሚያምረውን ሊነግራት ሲጀምር እጇን አወራጨች። «ያንንማ ፖስትካርዱ ይነግረኛል። የምትቆምበትን ነው ያልኩህ።»

እንስሳት ሐኪሙን እንዲሁ ጠየቀች። ጨርቅ ሻጩን፣ መነኩሲቷን፣ ቆጣሪ የሚያነበውን። ከቤት ሳትወጣ የዳርቻውን መንገድ ከመንገድ ሰዎች አፍ ሰበሰበች። መልሱን ሁሉ በአንድ ደብተር ውስጥ ጻፈች፤ ቦታው፣ የነገራት ሰው ስም፣ ምን መያዝ እንዳለባት። ከሰበሰበቻቸው ውስጥ ስድስቱን መረጠች። ጉዞውም በየዓመቱ «ከድርቆሹ አጨዳ በኋላ» እየተባለ ይተላለፍ ነበር። ከዚያ ባሏ ግማሽ አካሉ ሰልሎ አልጋ ላይ ዋለ፤ ዘጠኝ ዓመት አስታመመችው።

ባለፈው መስከረም ግን ምንም የሚያስራት ነገር አልነበረም። ፊኖላ አጭር ነበረች፤ በዚያ መንገድ ዳር ያለው የድንጋይ ካብ ደግሞ ባሕሩን ለቁመተ ረዥም ብቻ ነው የሚያሳየው። ስለዚህ ከአሮጌ አረንጓዴ መጋረጃ ትራስ ሰፋች፣ የበግ ፀጉር ጠቀጠቀችበት፣ ዳቦ አስመስላ አሳበጠችውና በኢታ መኪና የፊት ወንበር ላይ አስቀመጠችው። ሻሿን አስራ ወጣች።

ኢታ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር ናት። በዚያ ጠዋት ተለዋጩ ሾፌር ታሟል ተብሎ ተደወለላት። «እማዬ፣ ለምን በሚያዝያ አናደርገውም? ቀኑም ይረዝማል» አለች።

ፊኖላ ሻሿን ፈታች። «ሚያዝያም መንገዱ እዚያው ነው» አለች፤ ቅሬታ አልነበረባትም።

የሞተችው ሚያዝያ በገባ በሦስተኛው ቀን ነው።

ኢታ ስኳሩን ረሳችው። ስፒሎቹን ሳትነቅል ካርታውን ከበሩ ላይ ገነጠለች፣ ደብተሩን ከመሳቢያ አወጣች፣ ሁለቱንም ሳንድዊቹ መሀል ዘረጋቻቸው።

«ነገ የምንሄደው በዚህ ነው» አለች።

ማላኪ ካርታውን አየ፣ ከዚያ እሷን። እሱ ዋና ከተማ ቢሮ ያለው ሰው ነው፤ ሃያ ዓመት ሆኖታል። «ሬሳ ይዘን ሽርሽር?»

«አዎ፣ ሽርሽር። ስድስት ቦታ ቆመን።»

«ሰው ይስቅብናል፣ ኢታ!»

«ይሳቅ። ሁለት ቀን ሙሉ ሲያዝኑላት ሰልችቶኛል።»

ከምድጃው አጠገብ የእናታቸው ታላቅ እህት አክስት አትራክታ ተቀምጣለች፤ ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፣ ስታንቀላፋም ትሰማለች። «በዚህ አገር ሬሳ በአቋራጭ ተወስዶ አያውቅም» አለች ዓይኗን ሳትከፍት። «አባትህን በረጅሙ ነው የወሰድነው፣ አያትህንም። አቋራጭ የዶሮ ሌባ ነው የሚሄድበት።»

«አክስቴ፣ ረጅም ማለት ሦስት ሰዓት ማለት አይደለም!»

«አንተ ስትወለድ እናትህን ሠላሳ ሰዓት አስምጠሃታል። ሦስት በዛባት?»

ወጥ ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ማላኪ ጆሮው ቀላ፤ ግን እጁን አልሰጠም። በሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ የባሕሩን ሙላትና ጉድለት የሚያሳየውን ሰንጠረዥ አውርዶ ጣቱን ከነገው ቀን ላይ አሳረፈ። «እሺ። ስድስተኛው ቦታችሁ አሸዋው ነው። ባሕሩ ሲሸሽ ብቻ ነው የሚታለፈው። ነገ ሸሽቶ ጥግ የሚደርሰው በሰባት ሰዓት ነው ይላል፤ ከሁለት ሰዓት በኋላ መንገዱ ይዘጋል። ዘጠኝ ሰዓት። ቅዳሴው ስድስት ሰዓት ላይ ያልቃል፣ ሦስት ሰዓት ጉዞ ጨምሩ። እዚያ ስንደርስ ምን ልናደርግ ነው? እማዬ ትዋኝ?»

ኢታ ሰንጠረዡን አየች። ቁጥሩ ቁጥር ነው። ነገም እንደ መስከረሙ ሊያልፋት ነው፤ ከነገ በኋላ ደግሞ የሚጠብቅ ሚያዝያ የለም።

ከዚያ ቀና አለች። «ማላኪ፣ ሰዓትህን ባለፈው እሑድ ወደፊት ገፍተኸዋል?»

«እንደ ሁሉም ሰው።»

«ባሕሩስ ገፍቷል?»

አትራክታ ዓይኗን ከፈተች። «ኧረ ይሄ ልጅ! ከዚህ ዳርቻ ተወልደህ? ሰንጠረዡ የሚታተመው በክረምቱ ሰዓት ነው! መንግሥት በየፀደዩ ሰዓት ይገፋል፤ ባሕር አዋጅ አያነብም። አንድ ሰዓት ጨምርበት!»

«ጥግ የሚደርሰው በስምንት» አለች ኢታ። «የሚዘጋው በአሥር። እኛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረቅ አሸዋ ላይ ነን።»

ፋርጋል ኩባያውን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨ፣ ዋንጫ እንዳነሳ ሰው።

«አሸዋው ቢደርቅም» አለ ከበሩ አካባቢ የቀብር አስፈጻሚው ኮርማክ፣ ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ፣ «የአስከሬን መኪና ትራክተር አይደለም፣ ኢታ። እኔ ኃላፊነት አለብኝ።»

«ጋሽ ኮርማክ፣ ይፈቅዱልኛል?» ደብተሩን ገለጠችና አነበበች። «"ስድስት። አሸዋው። ኮርማክ ነገረኝ፣ የባሌን አባት በቀበርን ማግስት። አያቱ በፈረስ ጋሪ ሬሳ ይዞ በዚያ ይሻገር ነበር። እኔ ግን ደፍሬ አላውቅም፣ አንድ ቀን ሳልሞት፣ አለኝ። ጫማ አውልቆ መሄድ ይሻላል።"»

ሁሉም ኮርማክን ያያል።

«እንደዛ ብያለሁ?»

«በራስዎ አፍ።»

ኮርማክ ባርኔጣውን አደረገ፣ መልሶ አወለቀ። «ለአሸዋው ጎማውን ትንሽ አስተነፍሰዋለሁ» አለ።

ማላኪ ደብተሩን ከእጇ ወሰደ። ገጹን መልሶ አራተኛው ላይ ቆመ፤ ብዙ ቆየ። ኢታ ምን እንደሚያነብ ታውቃለች። «"አራት። ከገደሉ ጫፍ ላይ የቆመው የድንች ጥብስ መኪና። ማላኪ፣ በአሥራ ሰባት ዓመቱ። ኳስ ልምምድ ነበርኩ አለኝ፤ ኮቱ ግን ኮምጣጤ ይሸት ነበር፣ የልጅቷ ሽቶም አለበት። ሲያወራ ፊቱ ያበራ ስለነበር አልተቆጣሁም። እሱ የቆመበት ልቆም።"»

ማላኪ ደብተሩን ዘጋ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሲመለስ ድምፁ ሌላ ነበር። «ከፊት የሚሄደው የማን መኪና ነው?»

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የወጣው ሰልፍ አርባ ሦስት መኪና፣ ሁለት ትራክተርና አንድ የወተት ቦቴ ነበር። ኢታ ከኮርማክ አጠገብ፣ ካርታውን ጭኗ ላይ ዘርግታ ተቀመጠች። የራሷን መኪና ለአንድ ጎረቤት ሰጥታለች፤ አትራክታም በዚያው መኪና ከሰልፉ መሀል ናት።

በአዲሱ መንገድ መገንጠያ ላይ ኮርማክ ወደ ግራ፣ ወደ ረጅሙ መንገድ ታጠፈ። ማንም አልቀረም።

መጀመሪያ ባሕሩ ከማሳ መሀል የሚተነፍስበትን ጉድጓድ አዩ፤ የመነኩሲቷ ቦታ ነው። ውሃው ከምድር ሥር እየጮኸ ሲወጣ ቄሱ ጥላቸውን አስነጠቁ። ቀጥሎ ከወጥ ቤቷ መስኮት የተቀቀለ ሸርጣን የምትሸጠውን ሴትዮ ደጅ ቆሙ። አውቶቡስ ካቆመ ሠላሳ ዓመት የሆነው ማቆሚያም ላይ ሽማግሌዎቹ በተራ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፤ «አሁን ይመጣል» አለ አንዱ።

የድንች ጥብሱ መኪና እዚያው ጫፍ ላይ ነበር። ባለቤቱ ሰልፉን ሲያይ ሽርጡን አወለቀና አማተበ። ከዚያ ሰዎቹን አየ፣ ሰዎቹም ዘይቱን አዩ።

«ጨው ወይስ ኮምጣጤ?» አለ በትሕትና።

ማላኪ የመጀመሪያውን ወረቀት ሙሉ ድንች ተቀብሎ ለብቻው ቆመ፤ እያኘከ አለቀሰ፣ እያለቀሰ አኘከ። ቄሱ ሁለተኛ ደገሙ።

አምስተኛው የፋርጋል መታጠፊያ ነበር። ቆሙ። እዚህ ካቡ ከሌላው ቦታ ከፍ ያለ ነው፤ ኢታ በእግር ጣቷ ቆማ እንኳ ከድንጋይ በቀር ያየችው የለም።

«ከቦቴዬ ወንበር ካልሆነ አይታይም ብያት ነበር» አለ ፋርጋል። «ሦስት ደሴት አለ፣ አንዱ ከአንዱ ጀርባ። "እሱን እኔ አውቅበታለሁ" አለችኝ።»

ኢታ ትራሱን አስታወሰች። ከመስከረም ጀምሮ ከወንበሩ ሥር ነው፤ በእነዚህ ቀናት አንዴም ወደዚያ አላየችም።

«አንሷት» አለች።

ኮርማክ አልተከራከረም፤ የኋላውን በር ከፈተ። ማላኪ፣ ፋርጋልና አራት ጎረቤቶች ሬሳ ሳጥኑን ትከሻቸው ላይ አወጡት፤ ከካቡ ጫፍ ጥቂት ከፍ ብሎ ቆመ። ነፋሱ አበባውን አርገበገበው። ከታች ያሉት ሰዎች ሁሉ የሚያዩት ድንጋይ ብቻ ነው። ያን ሁሉ ሰው አስከትላ፣ ከሁሉም በላይ ሆና ባሕሩን የምታይ ፊኖላ ብቻ ነበረች።

«ደርሰሻል፣ እህቴ» አለች አትራክታ። «አንቺም በተራሽ ንገሪን እንግዲህ።»

የዚያን ቀን፣ ከዚያ በኋላ፣ ምስኪን ያላት አንድ ሰው የለም።

አሸዋው ላይ ሲደርሱ ዘጠኝ ሰዓት ነበር፤ ባሕሩ ሩቅ፣ መሬቱ እንደ ተወለወለ ጠረጴዛ። ኮርማክ ጫማውንና ካልሲውን አወለቀ፣ በባዶ እግሩ መሪ ጨበጠ፣ ገባ። ጎማው ትንሽ ሰመጠ፣ ያዘ፣ ወጣ። ከኋላው መኪኖቹ መብራታቸውን አብርተው በሰፊው ተበተኑ፤ ሰልፍነቱ ቀረ። ትራክተሮቹ ጥሩምባ ነፉ። ኮርማክ እንደ ልጅ እየሳቀ «አያቴ! አያቴ!» ይላል።

መቃብሩ በር ላይ ማላኪ ሰዓቱን አየ። «ሦስት ሰዓት ከአሥራ አንድ ደቂቃ» አለ። በሕይወቱ እንደዚህ ኮርቶ አያውቅም።

አፈሩ ተመለሰ። ሰዉ ከቀብር በኋላ ለሚቀርበው ምግብ ወደ ሆቴል መነሳት ጀመረ፤ ላም የሚያልብም ወደ ላሙ። ኢታ ወደ መኪናዋ ሄደች። ደብተሩ ኮቷ ኪስ ውስጥ ነው። ለማንም ያላነበበችው አንድ መስመር፣ ከስድስተኛው በታች፣ አለ፦ «ሰባት። ኢታ ትመርጣለች።»

አትራክታ ምርኩዟን ይዛ መጣችና የፊቱን በር ልትከፍት እጇን ዘረጋች።

«አክስቴ፣ ዛሬ ከኋላ።»

«ከኋላ? በዚህ ዕድሜዬ? ምን አለበት እሱ ወንበር?»

ኢታ ጎንበስ ብላ ከወንበሩ ሥር አረንጓዴውን ትራስ አወጣች፣ አቧራውን በመዳፏ ጠረገች፣ ወንበሩ ላይ አስተካክላ አስቀመጠችው። አትራክታ ምርኩዟን ሰብስባ ከኋላ ገባች።

ኢታ የደህንነት ቀበቶውን ጎተተች፣ በትራሱ ላይ አሳለፈችው፣ ጠቅ እስኪል ድረስ ገፋችው፤ ላልቶ እንዳይሆን አንዴ ሳብ አድርጋ አየችው።