ሲሶው

«ደመወዜ እጄ ሳይገባ ለምን ይቆረጣል ነው የምልሽ፣ እትዬ።»

«እጅህ ከገባማ አይወጣማ።» ደመወዝ ከፋይዋ ቀና ብላም አላየችው። ገንዘቡን በመስኮቷ ቀዳዳ ገፋ አደረገችለት።

«ልጄን አልቀልብም አላልኩም። በገዛ እጄ ልስጥ ነው ያልኩት። ሰው ላቡን ሳያየው ይወሰድበታል?»

«ያን ሁሉ ዓመት በገዛ እጅህ ስትሰጥ ነበር?»

«ልሰጥ ስል ሥራ እየለቀቅኩ ነዋ።»

«የቀለቡ ትእዛዝ በመጣ ቁጥር ሥራ የምትለቀው ለምንድነው?»

«አጋጣሚ።»

ከኋላው የተሰለፉት ኪኪኪ አሉ። እሱም ሰው ሲስቅለት ልቡ ያብጣል፤ ክርኑን መስኮቱ ላይ ተከለ።

«ደግሞስ ማን ጠየቀኝ? ኪራይ ተወዷል፣ ዘይት ተወዷል። እነሱ ሲበሉ እኔ አፌን ከፍቼ ላይ? አገሩ ሕግ የለውም?»

«ሕጉማ ነው የቆረጠህ። ከሲሶ በላይ አይነካም ይላል፣ አልተነካብህም። ሁለቱ እጅ ላንተ ቀርቷል።»

«ሁለት እጅማ ድሮም ነበረኝ» አለና ሁለቱንም እጆቹን አንስቶ አሳያት። ሰልፈኛው በሳቅ ፈረሰ። ከፋይዋ ግን ግራ እጁን ትንሽ አፍጥጣ አየችውና «ቀጣይ» አለች።

በሚሠራበት መስታወት ቤት ምላጭ ነው የሚሉት። አንድም መስታወት ቆራጭ ስለሆነ፣ አንድም ለአፉ። ፍርድ ቤት ጉድ የሠራውም ይሄው አፉ ነው። የሴት ልጁ እናት «ከደመወዙ ሲሶው ይቆረጥልኝ» ስትል፣ ብድግ አለና «ደመወዝ ብቻ ለምን? ካለኝ ከማገኘው ሁሉ ሲሶ ሲሶውን ውሰዱላት እንጂ፣ ከገላዬም ጭምር» አለ። ቀልዱ ነበር። ከኋላ የተቀመጡት ሳቁለት። ዳኛዋ አልሳቀችም። መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፣ መልሳ አደረገችና ከእግሩ እስከ ራሱ በዓይኗ ለካችው፤ ጨርቅ ልትገዛ የመጣች ነበር የምትመስለው። ከዚያ «ተስማምቷል፣ ይመዝገብ» አለች።

በቃ፣ ነገር የጀመረው ከዚያ ነው።

መጀመሪያ ሻዩ። ሻይ ያዛል፣ ሲሶው ጎድሎ ይመጣል። ሻይ አቅራቢዋን «መንገድ ላይ ማን ጠጣልኝ?» ቢላት «እስከ አፍ ገደፉ ነው የቀዳሁት» ብላ ማለች። ሌላ ብርጭቆ አምጥታ እዚያው ዓይኑ ሥር ሞላችለት። ወደ አፉ ሲያስጠጋው ወረደ። አልፈሰሰ፣ አልተነነ። ዝም ብሎ ወረደ። ሴትዮዋ ጀበና ይሁን ማንቆርቆሪያ የያዘችው ጠፍቶባት ቆማ ቀረች፤ ከዚያ ወዲያ ሻዩን ጠረጴዛው ላይ ወርውራለት ነው የምትሮጠው።

እንቅልፉም እንደዚያው ሆነ። ሊነጋጋ ሲል አንድ ነገር ከላዩ ላይ እንደ ብርድ ልብስ ገፎት ይሄዳል፤ ከዚያ ቢገላበጥ ቢገላበጥ እንቅልፍ የለም። ሥራ ላይ የሚያፏጫት ዜማ አለችው፣ እሷም መጨረሻዋ ላይ ስትደርስ ቁርጥ ትላለች።

ይሄን ሁሉ ችሎት ነበር። ያልቻለው ቀልዱን ነው። አንድ ቀን ምሳ ላይ ሰው ሰብስቦ «ፊቱ ሕፃን የሚያስደነግጥ ሰውዬ መጥቶ፣ በደንብ የሚያሳይ መስታወት አለህ ወይ ሲለኝ፣ እኔ ምን አልኩት መሰላችሁ» አለና አፉን ከፍቶ ቀረ። ማለቂያዋ የለችም። ስንቴ የተናገራት ቀልድ፣ ምላሱ ላይ ባዶ ቦታ ብቻ ትታ ሄዳለች። ሰዎቹ ጠበቁት፣ ጠበቁት። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ምሳ ዕቃቸው አቀረቀሩ። ምላጭ ደነዘ፣ አለ አንዱ።

በማግስቱ የቁም ሳጥን መስታወት እየቆረጠ ነበር። መቁረጫዋን አስኬደ፣ ቀጭ አደረገው፣ አቆመና በጨርቅ ወለወለው። ከዚያ ራሱን አየ።

በግራ በኩል የለም። ከጆሮው ጀምሮ ትከሻውን ይዞ እስከ ታች ድረስ ቀጥ ብሎ ተቆርጧል፤ በዚያ በኩል ከኋላው ያለው ግድግዳ ነው የሚታየው። ግራ እጁን አነሳ። መስታወቱ ውስጥ የተነሳ እጅ የለም። ዝቅ ብሎ ክንዱን ነካው። አለ፣ ግን በረዶ ሆኗል፤ የሰው ዕቃ የተሸከመ ነው የመሰለው።

«ጋሼ፣ እስቲ እዩኝ።»

ጋሼ በስቱኮ፣ በዚያ በነጭ ማጣበቂያ፣ መስታወት ፍሬም ላይ የሚያጣብቁት ሽማግሌ ናቸው። እጃቸውን በሱሪያቸው ጠራርገው መጡና አጠገቡ ቆሙ። መስታወቱ ውስጥ እሳቸው ሙሉ ናቸው።

«ምን ይታይዎታል?»

ጠጋ ብለው የተቆረጠበትን መስመር በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ተከተሉት።

«ሲሶ ናት» አሉ። «አቆራረጡ ያምራል። ጠርዙንም ሞርደውታል፣ አይወጋም።»

«ጋሼ፣ እየቀለድኩ አይደለም።»

«እኔስ መቼ ቀለድኩ? የተቆረጠ ነገር አይጣልም ልጄ፣ የታዘዘለት ሰው ቤት ነው የሚሄደው። ሥራችን አይደል እንዴ።» ብለው ወደ ስቱኳቸው ተመለሱ።

ምላጭ ሽርጡን እንኳ አልፈታም። ሲሶውን ሊያስመልስ ቀጥ ብሎ ወደ ልጁ እናት ቤት ወጣ። ከተለያዩ ወዲህ ደጁን ረግጦት አያውቅም፤ እግሩ ግን ደረጃውን አልረሳውም። መንገዱን ሙሉ የሚለውን ሲያሰላስል ነበር፦ ደመወዙን እሺ፣ ሻዩንም እሺ፣ ገላዬን ግን የትኛው ሕግ ነው?

አንኳኳ። የከፈተችለት ልጅቱ ናት። የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታለች፣ ልክ እሱ መቁረጫውን እንደሚሰካው።

«እናትሽስ?»

«ሥራ ናት። ጫማህን አውልቅ፣ አሁን ወልውለን ነው የጨረስነው።»

«ከማን ጋር?»

ልጅቱ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሰች። ጫማውን አውልቆ ገባ። ከሷ ወንበር አጠገብ ሌላ ወንበር ተጠግቷል፣ ሰው የለበትም። ፊት ለፊቱ ብርጭቆ አለ፣ ውስጡ ሲሶ ሻይ፣ ይጨሳል። መስኮቱ ተከፍቶ መጋረጃው ይውለበለባል፣ የደብተሯ ገጽ ግን ንቅንቅ አይልም። አንድ ነገር እንደተጫነው ተኝቷል።

ልጅቱ እየጻፈች ታፏጫለች። በወለቁት ጥርሶቿ መሃል ፊው ፊው እያለ የወጣው የዜማው መጨረሻ ነው። መጨረሻው ብቻ።

«ይሄን ማን አስተማረሽ?»

«እሱ ነዋ። ቀልድም ያውቃል። 'አለኝ፣ ግን ይቅርብህ አልኩት።'» አለችና ለራሷ ሳቀች። «መጀመሪያዋን አልነገረኝም፣ ግን ታስቃለች።»

ምላጭ ቀስ ብሎ ጥግ ወደቆመው ቁም ሳጥን ዞረ። መስታወቱን በደጉ ጊዜ ራሱ ነው ቆርጦ የገጠመው። ውስጡ ልጅቱ አለች፣ ጠረጴዛው አለ፣ ወንበሩም። ወንበሩ ላይ አንድ ጆሮ፣ አንድ ትከሻ፣ አንድ እጅ። የሱው ሽርጥ ሲሶ ታስሮበታል። ጠርዙ ተሞርዶ ያብለጨልጫል። እጁ ደብተሩን ነፋስ እንዳይገልጠው ተጭኖ ይዞላታል፤ አውራ ጣቱ ላይ መስታወት የቆረጠው የድሮ ጠባሳ አለ።

በሩ ጋ የቆመው እሱ ደግሞ መስታወቱ ውስጥ ቀኝ ወገኑ ብቻ ነው ያለው፤ ሁለቱ ቢጋጠሙ አንድ ሰው ይወጣቸዋል። ወደፊት አንድ እርምጃ ሊል ሲል ያኛው እጅ ከደብተሩ ሳይላቀቅ አንድ ጣት አነሳ። ቆይ እንደማለት።

«ይሄ የኔ ነው» አለ ምላጭ። ድምፁ ጎድሎ ነው የወጣው።

«አውቃለሁ።»

«ምን ይሠራል እዚህ?»

«ደብተር ይይዝልኛል። ጥፍሬን ያይልኛል፣ ሲያድግ ቆርጪው ይላል። እማዬ ስታመሽ አብሮኝ ይቀመጣል። ብዙ አያወራም፣ ትንሽ ስለሆነ።»

«ስሚ፣ ሰው እኮ ነኝ። ተቆርጬ እንዴት ልኑር? ሻዬን ወሰዳችሁ፣ እንቅልፌን ወሰዳችሁ፣ ቀልዴ እንኳ አያልቅልኝም። ሰው ሁሉ ይሸሸኛል። ሲሶዬን መልሺልኝ። ይሄ ፍርድ ነው? አንቺው ንገሪኝ እስቲ፣ ፍርድ ነው?»

ልጅቱ እርሳሷን አስቀመጠች። ዞራ ከእግሩ እስከ ራሱ ለካችው፣ ያቺ ዳኛ እንደለካችው።

«ሁለቱ እጅ አንተ ጋ ነው አይደል?» አለችው። «ምን ሠራህበት?»