የፋውስቲኖ መፈተጊያ

«ምሳሩን ያስቀምጡ፣ ጋሼ ሜሊቶን» አለች ሳቱርኒና።

የባሏ ታላቅ ወንድም ምሳሩን እንደጨበጠ መፈተጊያው ፊት ቆሟል። ባሏ ፋውስቲኖ ከተቀበረ ስምንተኛ ቀኑ ነው። ዘመድ አዝማድ ልብሱን ወንዝ ወርዶ አጥቦ ተመልሷል፤ ያረጁ ኮቶቹና ባርኔጣው ግቢው መሃል እየነደዱ ነው። ሟች የሚወደው ዕቃ ሳይቃጠል ከቀረ ነፍሱ መሄድ አቅቷት ትመለሳለች። ይህን በመንደሩ የማያውቅ የለም፤ ሳቱርኒናም ታምናለች። ችግሩም እሱ ነው።

«ወንድሜ ከዚህ እንጨት በላይ የወደደው ነገር አለ?»

«እኔስ?»

«አንቺን እንዳናቃጥልሽ!»

ኮካ ቅጠል የሚያኝኩት ለቀስተኞች ሳቅ አምልጧቸው ቶሎ አፋቸውን ያዙ። ጎረቤቷ ኢላሪያ ግን አልሳቀችም። ጠጋ ብላ በሹክሹክታ፣ «የኪኑዋው እህል ታጭዷል» አለቻት። «ሌላ መፈተጊያ እስኪሠራ ዓመት ነው። የአርባ ቤት ሴት ነገ ወደ ድንጋዩ ገንዳ መግባቷ ነው። እግሬን ረሳሽው እንዴ?»

አልረሳችም። ሙሽራ ሳለች እሷም በጋለው ገንዳ ቆማ፣ መራራ ልጣጩ እስኪለቅ ድረስ ኪኑዋ በእግሯ ታሽ ነበር። ልጣጩ ሲለቅ የእግሯንም ቆዳ ይዞ ይሄዳል። አንድ ቀን ፋውስቲኖ የደማ ተረከዟን ጭኑ ላይ አድርጎ ሲያይ ቆየና፣ «ይሄንን ብረት ይሥራው» አላት። ከዚያ ወዲያ፣ ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ሰውየው አበደ። ብስክሌቱን ፈታታ። የእሷን ከብቶች፣ ስድስቱን ላማዎች፣ ሳይነግራት በብረት ጥርስና በሰንሰለት ለወጠ። የመጀመሪያው ሙከራ እህሉን ዱቄት አደረገው፤ ሁለተኛው ለነፋስ በተነው፤ ሌላው ደግሞ የገዛ አውራ ጣቱን ወሰደ። «ሴት መሆን አማረው» እያለ የሳቀበት ይኸው ሜሊቶን ነበር። በመጨረሻ ሠራ። አምሳያው በየአውራጃው ተተከለ፣ የኦሩሮ ከተማ ራዲዮ ስሙን ጠራ፣ ሜሊቶንም «የኔ ወንድም» ማለት ጀመረ።

አሁን ምሳሩን ከፍ አደረገ። ፀሐይዋ ተራራው ጫፍ ደርሳለች።

«ሳትጠልቅ ካልጨረስን አለቀ። በዚህ ብርድ፣ በጨው ሜዳው ላይ ብቻውን ይንከራተት ነው የምትዪው? ታናሼ እኮ ነው!» ድምፁ ተሰበረ።

ሳቱርኒና ደነገጠች። እስካሁን ክፋት መስሏት ነበር፤ ለካ ሰውየው ለወንድሙ ፈርቶ ነው። እሷም ፈርታለች። ባሏ እንዲያርፍ ስምንት ቀን ሙሉ ስትጸልይ ሰንብታለች። የኢላሪያን እግር አየች፤ ጠባሳው ዛሬም ያብለጨልጫል። ሄዳ በምሳሩና በመፈተጊያው መሃል ቆመች።

«ይመለስ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ይመለስ አልኩ! ሁላችሁም እንዳይመለስ ስትለፉ ሰነበታችሁ። እኔን የጠየቀኝ ሰው አለ? እኔ ናፍቆኛል።»

ፀሐይዋ ጠለቀች። ሜሊቶን ምሳሩን መሬት ጣለውና እሱም አጠገቡ ቁጭ ብሎ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ሳቱርኒና ወደ ጓዳ ገብታ የላማ ስብ በእጇ ዝቃ ወጣች። የመዘውሩን ጥርሶች አንድ በአንድ ትቀባ ጀመር።

«አሁን ደግሞ ምን ልትሆኚ ነው?» አለቻት ኢላሪያ።

«ደርቆ ካገኘው ይቆጣኛል» አለች፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች፤ እጆቿ በስብ ተለውሰው ነበርና።