ማርሊስ የፈጠረችው ጋኔን

በዚያች የኦክላሆማ ከተማ ከማርሊስ ታኬት የበለጠ ተረት ፈጣሪ አልነበረም። ዕድሜዋ ገና አሥራ ስድስት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከክፍል ጓደኞቿ ከጆሊንና ከዴልበርት ጋር ጠረጴዛ ከበው ይጫወታሉ። እሷ ዋሻውንና ጭራቁን ትተርካለች፣ እነሱ ፈረሰኛና ጠንቋይ ሆነው ይዋጋሉ፤ ቁጥር የተጻፈባቸው ጠጠሮች ተወርውረው አሸናፊው ይለያል።

እ.ኤ.አ. በ1985 ግን ቴሌቪዥኑም ሰባኪውም ይህ ጨዋታ ልጆችን ለሰይጣን ይመለምላል ማለት ጀመሩ። እናቷ ዋኔታ ማርሊስ ለጨዋታው የምትጽፍበትን ደብተር ስትገልጥ «ኖድሮግ፣ የጨለማው አለቃ» የሚል አነበበች። አልጮኸችም። ልጇን መኪና ውስጥ አስገብታ ወደ ቤተ ክርስቲያን ነዳች።

ምድር ቤት ውስጥ ፓስተር ሆሊስና አንድ ሽማግሌ ይጠብቁ ነበር። በሩ ተዘጋ።

«ይሄ ኖድሮግ መቼ ነው የተገለጠልሽ?» አሉ ፓስተሩ።

«እኔ ነኝ የፈጠርኩት! የሒሳብ አስተማሪያችን የሚስተር ጎርደን ስም ነው፤ Gordon ከኋላ ሲነበብ Nodrog ይሆናል።»

«ሰይጣን ሁሉንም ገልብጦ ነው የሚያነበው» አሉ ሽማግሌው።

«እማዬ፣ ንገሪያቸው እንጂ!»

«የኔ ልጅ፣ እነሱ ያውቃሉ። ተናዘዢና ወደ ቤታችን እንሂድ።»

እስኪመሽ ጸለዩባት። ስትክድ «የካደው ጋኔኑ ነው» አሉ። ስታለቅስ «እየወጣ ነው» አሉ። ዝም ስትል «አፏን ዘጋባት» አሉ። በመጨረሻ ደከማት።

«እሺ፣ ሰግጄለታለሁ። እኔ ብቻ ነኝ፤ ጓደኞቼ የሉበትም።»

«ሃሌ ሉያ!» ዋኔታ አንቃ አቀፈቻት። ደብተሩ ጓሮ ውስጥ ተቃጠለ።

ማርሊስ በዚህ ያበቃ መስሏት ነበር። የሚቀጥለው እሑድ ግን ፓስተሩ ምስክርነት እንድትሰጥ መድረክ ላይ አወጧት። ከዚያ የጎረቤት ከተማ ቤተ ክርስቲያን ጠራት፤ ከዚያ ሌላ። ሰው ያለቅሳል፣ «ሌላስ?» ይላል። ዋሻ መፍጠር ለማያቅታት ልጅ ሻማና ደም መጨመር አላቃታትም። ተረቷን ሰምታ የማታውቀው እናቷ አሁን ፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ትሰማታለች።

ወሬው የዴልበርት ወላጆች ጆሮ ደረሰ፤ ልጃቸውን ቴክሳስ ወዳለው አጎቱ ዘንድ ላኩት። ጆሊን ትምህርት ቤት ኮሪደር ላይ ያዘቻት።

«አንቺ! መቼ ነው ደም የጠጣነው? እኔ ብስኩት ስበላ አይደል የነበርኩት?»

«ጆ፣ ስምሽን አልጠራሁም…»

«ከማን ጋር ትጫወቺ እንደነበር ከተማው አያውቅም እንዴ? ውሸቴን ነው በያቸዋ!»

በሚቀጥለው እሑድ፣ ሰባተኛው ቤተ ክርስቲያን ደጅ መኪናው እንደቆመ ማርሊስ ተነፈሰች። «እማዬ፣ ሁሉም ውሸት ነው። ዛሬ ይህንን ልነግራቸው ነው።»

ዋኔታ መሪውን አልለቀቀችም። «አውቃለሁ» አለች። «ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ አውቃለሁ። ግን ማን ያምንሻል? ተመልሶ ያዛት ይሉና እንደገና ይዘጉብሻል። እኔም በሩን ማስከፈት አልችልም።»

አንድ የቤተ ክርስቲያኑ አስተናጋጅ ፈገግ እያለ የመኪናውን በር ከፈተላት። «እህታችን፣ ሕዝቡ እየጠበቀሽ ነው።»

ማርሊስ ገባች፤ መሰከረችም። አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷት ከተማዋን ለቃ እስክትሄድ ድረስ፣ በየእሑዱ።