የብሩክታይት እጅ

ሶዶ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ነኝ። አንድ ቅዳሜ ቦዲቲ ላይ ለወላጆች ስልጠና ሰጠሁ፤ ርዕሱ «የልጆቻችንን ስሜት እናዳምጥ» ነበር። ማይክሮፎን ስይዝ ራሴም በራሴ ንግግር ልቤ ይነካል። አንዲት እናት እንባዋን ስትጠርግ አይቼ ኮርቼ ተመለስኩ።

ቤት ስገባ ልጄ ብሩክታይት የተቀቀለ የቦይና ሥር በግራ እጇ ዳጣ እያጠቀሰች ትበላለች። አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ግራኝ አይደለችም። እናቷ አሳየሽ፣ የወለደች እህቷን ልታርስ ገሱባ ስለሄደች ሳምንቱን ሁለታችን ብቻ ነበርን።

«ቀኝሽ ምን ሆነ?»

«ምንም።»

ከጠረጴዛው ስር ሳወጣው አብጧል። ለካ መረብ ኳስ ስትጫወት ወድቃ ኖሯል፤ ያውም ረቡዕ። ሦስት ቀን አብሬያት እራት በልቻለሁ።

በባጃጅ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ራጅ ሲነሳ አጥንቷ ተሰንጥቋል።

«እንዴት ቻልሽው?» አለቻት ሐኪሟ።

«ዝም ካሉት ያልፋል። ሲያወሩት ነው የሚብሰው።»

«ማነው እንዲህ ያለሽ?» አልኩ፣ በሙያዬ ተቆጥቼ።

ብሩክታይት መጀመሪያ ወለሉን አየች። «አንተ ነህ፣ አባ። አያቴ ስትሞት ሳለቅስ፣ ‹ትልቅ ልጅ አያለቅስም፤ ፊትሽን ታጥበሽ ነይ› አልከኝ። ታጥቤ መጣሁ።»

አያቷ እናቴ ናት። እኔም ያን ቀን አላለቀስኩም፤ ድንኳን ሳስተክልና ወንበር ሳስቆጥር ነው የዋልኩት።

እጇ ላይ የታሰረው ጀሶ እስኪደርቅ ስንጠብቅ እውቀቴን አወጣሁ። «ስሜትሽን እረዳለሁ። ከአንድ እስከ አሥር ብትሰጪው…»

«አባ፣ እንደ ስብሰባ አታውራኝ።»

በአርባዎቹ የስልጠና ስላይዶቼ ውስጥ ከዚህ በኋላ የሚባል ነገር አልነበረም። «አያቴ ትናፍቅሃለች?» አለችኝ።

«አዎ» ለማለት አፌን ስከፍት ለቅሶ ቀደመኝ። እሷም አለቀሰች። ሶፍት ፍለጋ እጄን ኪሴ ውስጥ ስከት ያገኘሁት «አሰልጣኝ» የሚል ባጅ ነው። ነርሷ በሩን ከፍታ አየችንና ታማሚው የቱ እንደሆነ ሳትጠይቅ መልሳ ዘጋችው።

እስከ ቤት ስለ እናቴ አወራን። ብሩክታይት አሁን የከፋትን ሁሉ ትነግረኛለች። አንዳንዴ ይበዛብኛል፤ ይህን ግን ስልጠና ላይ አልናገርም።