ከሶፊያ እስከ ሮም

ገመቹ በጅማው ሰቶ ሰመሮ ሰፈር የታወቀበት አንድ ልማድ ነበረው፤ የትኛውም ቤት ከመግባቱ በፊት መስኮት ሥር ይቆማል። የቀበሌ ሊቀመንበር ነዋ። «ግድግዳም ጆሮ አለው» ሲባል ሰዉ የሚያየው የእሱን ጆሮ ነበር።

አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር በተቃረበበት ሰሞን፣ አንድ ቀን የቀበሌው አዳራሽ መስኮት ሥር ቆሞ ሳለ የልብስ ሰፊው የሸምሰዲን ልጅ ፈድሊያ የጂኦግራፊ መምህሩን ተክለጻድቅን ስትጠይቅ ሰማ።

«ከሶፊያ ሮም ይርቃል፣ ጋሼ?»

«ዘጠኝ መቶ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት አይሞላም። የእኛ አውቶቡስ ሊሙ ገነት ሳይደርስ እሱ ሮም ያርፋል።»

የገመቹ ደም ፈላ። ልጅቷ ለትምህርት ወደ ሶፊያ ልትሄድ ሳምንት ቀርቷታል፤ የጎደላት የእሱ ማኅተም ብቻ ነው። መንግሥት ወደ ሶሻሊስት አገር ሊልካት እሷ የኢምፔሪያሊስቶችን መንገድ ትለካለች። እሱ አምና ልጁን ቱሉን ወደዚያው ሲሸኝ፣ ሕዝብ ፊት ቆሞ «ይህ ልጅ ቢከዳ እኔን እሰሩኝ» ብሎ የማለ ሰው ነው።

ወዲያው ቢሮ አስጠራት።

«ሮም ማን አለሽ?»

«ማንም የለኝም፣ ጋሼ ገመቹ። ወላሂ ለራሴ አይደለም የጠየቅሁት።»

«ለማን ነው ታዲያ?»

ፈድሊያ መሬት መሬት አየች። ገመቹ ዝምታዋን እንደ እምነት ቃል ቆጠረው። «ስሙን እስክትነግሪኝ ማኅተም የለም» ብሎ አሰናበታት። ከሰዓት በኋላ ሸምሰዲን መጥቶ «ዋሷ እኔ ነኝ፣ ጓድ ሊቀመንበር» ቢለው፣ «አባት ለልጁ ዋስ አይሆንም» ብሎ መለሰው። የራሱ መሐላ ትዝም አላለው።

እራት ላይ ለሚስቱ ለቆንጂት በኩራት አወራላት። እሷ የጠቀለለችውን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሰችው።

«ልጅቷን ልቀቃት፣ የቱሉ አባት። ጠይቂልኝ ያልኳት እኔ ነኝ።»

«አንቺ?»

«ቱሉ ሮም ገብቷል። መልእክቱ በሰው ከደረሰኝ ወር አለፈው። ምን ያህል እንደራቀኝ እንኳ ልወቅ ብዬ ነው።»

«ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም?»

«ስብሰባ ጠርተህ ልጄን ታወግዘዋለህ ብዬ ፈራሁህ።»

አላደርገውም ሊል አፉን ከፈተ፤ ራሱን ያውቃልና መልሶ ዘጋው። ከሚጠብቀው እስራት ይልቅ ያ «ፈራሁህ» አንጀቱን አሳረረው።

በማግስቱ የፈድሊያን ወረቀት አተመላት። ለማን ጠየቅሽ አላላትም፤ እሷም አመስግናው ወጣች። ከዚያ ባዶው አዳራሽ ገብቶ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የዓለም ካርታ ፊት ቆመ። ከሶፊያ እስከ ሮም አንድ አውራ ጣት አይሞላም። ከጅማ ሲለካ ግን ስንዝሩ አልበቃው አለ። እንባው መጣ።

ድንገት ዞር ብሎ መስኮቱን አየ። ማንም የለም። ቢሆንም ሄዶ ዘጋው።