እንደ ጃፓኖቹ መርከብ

አደር ሂርሲ ወሬ ከጀመሩ ሲሚንቶው ባልዲ ውስጥ ይደርቃል። አደር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ለእኔ ለስደተኛው ግንበኛ ሐርጌሳ ውስጥ ከባለቤቴና ከእሳቸው ሌላ ዘመድ አልነበረኝም። አማርኛውን ኢትዮጵያ ካለው ስደተኛ ካምፕ ይዘው ነው የተመለሱት፤ ወሬውን ግን በወጣትነታቸው በእንግሊዝ መርከብ ላይ ከሰል ሲያነዱ ሰብስበውታል።

ደቡብ ሶማሊያ ገና ይዋጋ ነበር። የእኛ ከተማ ግን በአውሮፕላን ፈርሳ ስላበቃች ሰው ወደ ፍርስራሹ እየተመለሰ ነበር። የአደር ልጅ ሂንዳ ዋይስ ለሚባል ጎረምሳ ታጭታ ሰርጓ ደርሷል። ችግሩ፣ በድብደባው ጊዜ ጣሪያ ተጭኗት ስለነበር ቤት የሚባል አትገባም፤ ግቢው ውስጥ በድንኳን ታድራለች። «ዋይስ ከፈለገ ድንኳን ውስጥ ያግባኝ፤ ካልፈለገ ይቅር» ብላ ቁርጡን ተናገረች። የዋይስ እናት ደግሞ ልጄን ለድንኳን አልድርም አሉ።

አደር የቤታቸውን የተሰነጠቀ ሁለተኛ ፎቅ አሳዩኝ።

«ስማ አንተ አየነው፣ የሚያስፈራት ይሄ ነው፤ ቁረጠው! ጃፓኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የመንገደኛ መርከብ ወስደው ፎቁን ገፈፉና አናቱን ሜዳ አደረጉት። አውሮፕላን ተነሣበት! አንተ አንድ ፎቅ ያቅትሃል?»

«አደር፣ እኔ እንኳን መርከብ ጀልባም አላየሁ።»

«ሳታይ ሥራ!»

አፈረስኩት፤ አናቱንም ጠረጴዛ እስኪመስል ለሰንኩት። አደር ግን በየሻይ ቤቱ «ቤቴን አውሮፕላን የሚያርፍበት መርከብ አስመሰልኩት» እያሉ ፎከሩ። በአውሮፕላን ለተቃጠለ ሰፈር ይህ ይነገራል? በማግስቱ ጎረቤቱ ዱላ ይዞ በሩን ሞላው። «ደግሞ አውሮፕላን ልትጠራብን ነው?» እያለ ይጮኻል። የአደርን አንገት ማነቅ አማረኝ። ያዳነችን ባለቤቴ አምለሰት ናት። «ወጥታችሁ እዩት፤ ሰርጉንም እዚያው ጨፍሩ» አለቻቸው።

ጨፈሩ! ዱላ የያዘው ሁሉ ከነዱላው ዘለለ። ሂንዳም በውጭው ደረጃ ወጣች፤ በላይዋ ሰማይ ብቻ ከሆነ አትፈራም። እኔ ጠጅ በሌለበት አገር በደስታ ሰከርኩ።

ድንገት የእርዳታ አውሮፕላን አጓራ። ከበሮው ዝም አለ። ሙሽራው ዋይስ ሳይቀር በግንባሩ ተደፋ፤ የሻይ ፔርሙሱ ተንከባለለ። ሂንዳ ብቻ ቆማ ቀረች። ሻሿን እያውለበለበች ወደ ላይ ጮኸች፤

«ሂድ! እየጨፈርን ነው፣ ቦታ የለንም!»

አውሮፕላኑ አለፈ። መጀመሪያ የዋይስ እናት ሳቁ፤ ከዚያ ጣሪያው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ሂንዳም እየሳቀች፣ ሙሽራው ላይ የፈሰሰውን ሻይ የምትጠርግበት ጨርቅ ፍለጋ ደረጃውን በሩጫ ወረደች። ወዲያው ከእግራችን ሥር ካለው ክፍል ዕቃ ስታንኳኳ ሰማናት።

አደር እንባቸው እየወረደ እጃቸውን አነሡ።

«ዝም በሉ» አሉ፣ «ልጄ ቤት ገብታለች።»